ዛሬስ ምን ተማራችሁ?

ከዓሣ ወደቡ በላይ፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣
ቢጫ ባንዲራ ይዤ እቆማለሁ በጫፍ።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ባቡር የነዳሁ ሰው፣
አሁን የማስቆመው መኪና ብቻ ነው።

ሚያዝያ ሲጠባ ይመጣሉ አዲሶች፣
ቢጫ ቆብ የደፉ ትንንሽ እንግዶች፤
ቦርሳቸው ከኋላ ሲታይ፣ ብቻውን
የሚሄድ ይመስላል፣ ደብቆ ልጁን።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቼ አላውቅም፤
ከሰዓት ሲመለሱ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም፦
«ዛሬስ ምን ተማራችሁ?»

«ስሜ ሲጠራ» አለች ናጊ፣ «አቤት! ማለት፣
የጣሪያው ቁራ ደንግጦ እስኪበር ከቆመበት።»

ሌላ ቀን፣ «ጨርቅ ጨምቀን ወለል ማጽዳት ነበር፤
ቂጥን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ጨርቁን ገፍቶ መንደርደር።»

«ሾርባ ማደል» አለ ሪኩቶ። «እኩል ነው ጭልፋው።
ለእኔ ሲደርስ ጎደለ፤ ቆጠራውን የሳትኩት እኔው።»

አንዳንድ ቀን «ምንም» ይላሉ። እኔም አምናቸዋለሁ።
ባቡር ስነዳ ስንት ቀን ምንም ተምሬ ገብቻለሁ።

ሁለት ፊደሎች አሉ፣ ጀርባ የተሰጣጡ፣
ተኳርፈው በአንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ።
ኢቡኪ ፊት ለፊት አዙሮ ጻፋቸው፤
መምህርት ኩሮኢዋ በቀይ አረመቻቸው።
«ታርቀው ነበር እኮ» አለኝ፣
ደብተሩን ከፍቶ፣ መንገድ መሐል ሊያቆመኝ።

ግንቦት ላይ ዘር ዘሩ፣ በየስማቸው፣ በየማሰሮው፤
ጎሕ ሲቀድ የሚፈካ፣ ቀትር ላይ የሚተኛ ሐረግ ነው።
በሐምሌ ሙቀት፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ፣
ተሸክመውት ወጡ፣ ሁሉም የየራሱን ዋጋ።
የናጊ ሐረግ ከቆቧ በላይ ተጠማዞ፣
የሪኩቶ ሦስት አበባ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ።
ኢቡኪ ከሁሉ ኋላ፣ ላብ በላብ፣ ቀስ እያለ፣
ማሰሮው ውስጥ ከአፈር በቀር ምንም የለ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»
«አፈር።»
«እሱማ ይታያል።»
«ዛሬም አጠጥቼዋለሁ። ምናልባት ያስባል።»

መስከረም ሲከፈት ያንኑ ማሰሮ ይዞ መጣ፤
መሐሉ ላይ አንድ አረም፣ ከየት እንደሁ የወጣ፣
ሦስት ቅጠል። ስም አውጥቶለታል፤ አልነገረኝም።
«ስሙ የራሱ ነው» አለ። እኔም አልደገምኩም።

በጥቅምት፣ «ምድር ስትንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣
እግሩን በሁለት እጅ ጨብጦ፣ አለማውራት።
ግን ሪኩቶ» አለች ናጊ፣ «እዚያው ሥር ፈሳ።»
ሳቃቸው እስከ ወደቡ ወረደ፤ የተኛ ድመት አስነሣ።

ታኅሣሥ ላይ አራት ቀን ቀረሁ። ታናሽ ወንድሜን ሸኘሁ።
በአምስተኛው ጠዋት ባንዲራዬን ይዤ ከቦታዬ ተገኘሁ።
በረዶው ገና አልተረገጠም። ልጆቹ ተሰልፈው መጡ፤
ቆባቸውን ቀና አድርገው ፊቴ ላይ አፈጠጡ።

«ለምን ያለቅሳሉ?» አለች ናጊ፣ ነገር የማትሸሽግ።
«ነፋሱ ነው» አልኳት። «የባሕር ነፋስ ዓይን ይፈጃል፣ ምን ላድርግ?»

ኢቡኪ ቀና ብሎ ባንዲራዬን አየ።
ባንዲራው እንደ ታጠበ ጨርቅ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤
ጠርዙ እንኳ አይነቃነቅም።
እኔን አየኝ። ደግሞ ባንዲራውን።
ከዚያ ቆቡን በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ያዘ፣
ነፋስ ሊወስድበት እንዳለ ሰው፣
«አዎ» አለ፣ «ዛሬ በጣም ይነፍሳል።»

ቀኝ አየ፤ ግራ አየ፤ ዳግም ቀኝ።
ቆቡን እንደያዘ ተሻገረ፤
ለቆመው መኪና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ያን ቀን ከሰዓት ሲመለሱ
ምን ተማራችሁ አላልኩም።