ግማሽ ክኒን

ቦራ ነው ስሟ። ከግንባሯ መሀል
አንድ ነጭ ምልክት፣ እንደ ጣት፣ ተስሏል።
ሄርማታ ገበያ፣ ከእንጨት ቤቴ ደጅ፣
ፍቅፋቂ ላይ ተኝታ፣ የመሮዬ ወዳጅ፣
መዶሻ ሲያንኳኳ ጆሮ የማታነሳ፣
ጅብ ከቦዬ ሲጮህ የምትሆን አንበሳ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋንዛ ስፈለፍል፣
ባለሦስት እግሩን በርጩማ ሳበቅል፣
ወገቤ ጎበጠ። ከኪሴ አይጠፋም
ክኒን፤ ከእርሳሴ ጋር፣ ከሜትሬ ጋርም።
ሮዝ ነው፤ ክብ ነው፤ ሲውጡት አይመርም።
ሲነጋ አንድ፣ ሲመሽ አንድ፤
ፋርማሲው አይጠይቅም፣
እኔም አልጠይቅም።

ማክሰኞ ነው፤ ሰኔ። በአዌቱ ድልድይ
አንድ ባጃጅ መጣ፣ ቀኝ ግራ ሳያይ።
የኋላ እግሯን ጨረፋት። አጥንት አልሰበረም፤
ግን ሌሊቱን ሙሉ ማቃሰት አልተወችም።
ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ደነዘ መጋዝ ውስጥ ውስጡን ተስሎ
ሲመጣ፣ ከእኔ በፊት
ወገቤ ሰማት።

ማን ይተኛል ታዲያ፣ ኪሱ ሞልቶ ማስታገሻ፣
ደጁ ላይ ሲያቃስት የገዛ ራሱ ውሻ?

«ለሰው አንድ ከሆነ፣ ለውሻ ግማሽ» አልኩኝ፤
አናጢ አይደለሁ? በልኬ የምታመን ነኝ።
በመሮዬ ስለት ለሁለት ከፈልኩት፤
ሥጋ ቤት ለምኜ በጮማ ጠቀለልኩት።
ጅራቷን ቆላችልኝ። ሳታሸተው ዋጠች።
ሌላም ካለህ በሚል ዓይን ቀና ብላ አየች።
ሲነጋ ያንኑ፤ ሲመሽ ሌላ ግማሽ።
ማንከሷ ቀነሰ። «ይኸው!» አልኩ፣ «ፈዋሽ!»

ሐሙስ አጥንት ጣልኩላት፤ አሻግራ አየችው።
ውኃውን ግን ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጨረሰችው፣
መልሳ አወጣችው።
ጮማውንም እንቢ ስትል፣ ግማሹን በጣቴ
ወደ ጉሮሮዋ ገፋሁት። ይህ ነው ደግነቴ።

ዓርብ ያስመለሳት ጥቁር እንደ አተላ፣
ድዷ ነጣ፣ ነጣ፤ ዓይኗ ሆነ ሌላ።
«መርዝ ነው» አለ ሙዘይን፣ የግድግዳ ጎረቤት፤
«መርዝ በትኖ ይሆናል ማዘጋጃ ቤት።»
ያኔ ተራገምኩኝ። «ይህን ያበላት እጅ
ይድረቅ» አልኩ፣ «ይቆረጥ!» ቆሜ ከገዛ ደጅ።

በእጅ ጋሪ ጭኜ፣ ሸራ አልብሼ፣
እንስሳት ክሊኒክ ገባሁ በዝናብ ርሼ።
ዶክተር ነጂባ፣ ልጅ እግር፣ ድምፀ ቀጭን፣
ድዷን ገልጣ አየች። ከካርዱ ላይ ስሜን።

«ምን በላች?»
«ጮማ።»
«ሌላስ?»
«ምንም።»
«ጋሼ አሰግድ፣ ሌላስ?»

እጄ ኪሴ ገባ፤ ከእርሳሱ፣ ከሜትሩ መሀል
ቅርፊቱን አወጣ።
«ስንት?»
«ስድስት ግማሽ።»
ሦስት ሙሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው የደመርኩት።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።
«ለእርስዎ ማስታገሻ፣ ለሷ የሆድ ስለት፤
ጨጓራ ይልጣል፣ ያደክማል ኩላሊት።
የእርስዎ ደም ያወጣዋል፤ የሷ ግን አይችልም፤
ይከማችባታል። ግማሽም፣ ሩብም
በግምት አይሰጥም።
የተሻላት የመሰለዎት ሕመሟ ዝም ሲል ነው፤
ቁስሉ ከውስጥ ነው።
ለውሻ የተሠራ አለ። ያኔ ቢጠይቁኝ…»
አልጨረሰችውም።

እኔ የማስበው ያንን እርግማኔን፣
ደጄ ላይ ቆሜ የረገምኩት እጄን።

አምስት ቀን ጉሉኮስ ተንጠለጠለላት።
እግሩ ያላለቀ በርጩማ ይዤ ሄድኩ፤
ኮሪደሩ ላይ ፈለፈልኩ፣
ጽዳቷ ሴትዮ እስክትቆጣኝ፣ ፍቅፋቂው እስኪሞላ።
በስድስተኛው ቀን የሩዝ ውኃ ላሰች።

ኖረች። «እንደ ድሮው ግን አትሆንም» ብላኛለች
ነጂባ። ቶሎ ይደክማታል፤ ውኃ ታበዛለች።
ክኒኑን ከኪሴ አውጥቼ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ፣
በቆርቆሮ ጣሳ፣ ከድኜ አኖርኩት።

ማታ ግን፣ ወገቤ ሲነሳብኝ፣
አንዷን ልውጥ ብዬ
ቅርፊቱን ስጫነው፣ ሲንኮሻኮሽ ከእጄ፣
ቦራ ከደጅ ትሰማለች።
ያን ነጭ ምልክት ቀና አድርጋ
ጅራቷን ትቆላለች፤

ጮማ መስሏት።