እንጃ

ቴክሳስ ዳር፣ ካዶ ሐይቅ፣ አንድ መንደር አለች፣
ስሟን ሲተረጉሙት «እንጃ» የተባለች።
«ዓሣ አለ ወይ ዛሬ?» ብትለው ባለሱቁን፣
ታፔላውን ጠቁሞ ይለቀዋል ሳቁን።

ጀልባዋን የያዘችው ቨርሊን ቲቦዶ ናት፤
ሰባ አንድ የሞላት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
የተማሪ አውቶቡስ የነዳች መንገድ ላይ፣
ዛሬም በመስታወት ኋላዋን የምታይ
ይመስል፣ ሳትዞር፣
«ቁጭ በል አንተ!» ትላለች፣ ገና ሳልነሣ ከወንበር።

ውሃው አይታይም።
ሐይቅ ነው ያሉኝ ነገር መስክ ነው የሚመስለው፤
አረንጓዴ ምንጣፍ ዳር እስከ ዳር ያለው፤
ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ፣
ከሥሩ ጨለማ፣ ከላይ የቀትር ፀሐይ።
ሳይፕረሶቹ ቆመው፣ ውሃው እስከ ወገብ፣
ግራጫ ጢማቸው በነፋስ ሲርገበገብ፣
ዕርቅ ሊያወርዱ መጥተው፣
ባለጉዳይ አጥተው፣
እዚያው የቀሩ ሽማግሌዎች ይመስላሉ።

«እኔ የለመድኩት ጠራ ያለውን ነው፤
ክሬን የማይተበትብ፣ መንጠቆዬን የማይዘው።»
«ስንት ያዝክበት?» አለች።
ዝም አልኩ።
«ጥሩ ነው። ከጠራ ውሃ መንጠቆ አይጠፋህም።
ዓሣም አትይዝበትም።»

ከክሯ ጫፍ አሰረች የጥይት እርሳስ የሚያህል ብረት፣
ከሥሩ ላስቲክ ትል ሰክታበት።
አልወረወረችም። እንደ ቡጢ፣ ቁልቁል፣ ለቀቀችው።
ጣሪያው ጧ ብሎ ተበሳ፤
ክሩ ወረደ፤ ቆመ፤ ተነሣ፤
ደግሞም ወረደ፤
ደግሞ
ወደ ጎን ሄደ።
ዘንጉን ብድግ ስታደርግ ጀልባው ተንገዳገደ።

ከዚያ ምንም። ግድግዳ።
ሐረጉን በላዩ ጠምጥሞ፣ በዛፍ ሥር ዞሮ፣
ቁጭ አለ፣ የድንጋይ ያህል ከብዶ።
«ስጪኝ፣ ልሳበው» አልኳት ክንዴን አምኜ።
«አትጎትት!» አለች፤ «ባስ ነው የዓሣው ስም።»
(በኔ ቋንቋ ሳቅሁ ለብቻዬ፦
በጎተቱት ቁጥር የሚብስ እንደ ስሙ።)
«ክሩን አታላላ፤ አታጥብቅም፤ ብቻ ሂድ ወደሱ።
እሱ አይመጣልህም። መንገዱን ዘግቶታል ራሱ።»

በመቅዘፊያ ገፋችን፣ ቀስ እያለች።
በሆዴ ተኝቼ ክንዴን እስከ ትከሻ ሰደድኩት።
ቀዝቃዛ፣ ሙልጭልጭ፣ የማላየው ነገር፤
አንዱን ሐረግ ስፈታ ሌላው ሲታሰር።
ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ፣ እንጃ።
ከዚያ አንድ ነፍስ ያለው ነገር መዳፌ ሥር ተነፈሰ።

ታችኛው ከንፈሩን በአውራ ጣቴ ያዝኩት፤
ከነጭቃው፣ ከነቅጠሉ አወጣሁት።
ቡጢ የሚያስገባ አፍ። ከአፉ ጥግ ግን ሌላ መንጠቆ፣
የዛገ፣ የማናውቀው፣
የተበጠሰ ክር እንደ ጢም የተከተለው።
«የባልሽ ይሆን እንዴ?» አልኳት፣ ነገር ላሳምር ብዬ።
«ሮይስ?» ሳቀች። «ነፍሱን ይማረውና፣
የሮይስ ቋጠሮ ቢሆን ድሮ ተፈትቶ ነበር።»

በፒንሳ ነቀለችው አሮጌውን አስቀድማ፣
ከዚያም የራሷን። ሚዛን አላወጣች፣ ፎቶ አላነሣች።
ወደ ጠራው ሳይሆን ወደዚያው ትብትብ አዙራ ለቀቀችው።
ቅጠሉ ተከፈተ። ቅጠሉ ተዘጋ።

ማታ መስቀለኛው ላይ መኪናዬን አቆምኩ።
በቀኝ ቤቴ ነው። በግራ ሽሪቭፖርት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ፣
ወንድሜ ያለበት።
የአባታችን ቤት ከተሸጠ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ
በስልክ ስጎትተው፣ በሰው ስጎትተው፣
እኔም ከዳር ቆሜ «ለምን አይመጣም?» ስለው።

እጅጌዬ እርጥብ ነው። ከሰዓቴ ማሰሪያ ሥር
አንድ ቅጠል ተለጥፋ፣ ገና አልደረቀች።
ይኖር ይሆን? በሩን ይከፍት ይሆን?
እንጃ።
የግራውን ፍሬቻ አበራሁ።