ሩብ ዙር

ዊኒፔግ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ካጥሩ ሥር የተረፈው በረዶ ከሰል ነው የሚመስለው።
የጋራዡን መዝጊያ እስከ ወገብ አነሣሁ፣
ካርቶን ዘርግቼ ከሞተር ብስክሌቱ ጎን ተንበረከክሁ።

አራት ካርቡራተር፤ እንደ ውርስ ወንድማማቾች፣
ከአንድ ጋን እየጠጡ፣ እርስ በርስ ተኳራፊዎች።
አንዱ ጠግቦ ያገሳል፣
አንዱ ተርቦ ያስላል፣
ሦስተኛው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤
አራተኛውን ተዉት፣ የሱ ሥራ ሌላ፣
ጥላሸት ቀብቶ ቁጭ፣ የገዛ ራሱን ካንዴላ።

በካቻቢቴ ጫፍ ቪቲዋን ነካሁ፤
ሩብ ዙር አጠበቅሁ፣ ግማሽ ዙር አላላሁ፣
ሚኒሞው ወጣ፣ ወረደ፣
ጠፋ።
አስነሣሁ።
ጠፋ።

"ምሳ ቀረበ!" አለች ትርሲት። "መጣሁ" አልኳት።
ወጡ ቀዘቀዘ፤ ደግማ አሞቀችው። "መጣሁ" አልኳት።
ሦስተኛ አልጠራችኝም፤ የራሷን ሳህን ስታጥብ ሰማኋት።

ለስምንተኛ ጊዜ አስነሣሁት፤ ተንተባተበ።
ኮዋልቹክ በፒጃማው ወጥቶ ወደ አጥሩ ቀረበ፤
የሞተሩ የድሮ ጌታ፣ አርባ ዓመት ነድቶት
አምና ነው የሸጠልኝ፣ እጁ አልታዘዝ ሲል፣ ሲንቀጠቀጥበት።

ጆሮውን አዘነበለ።
ሦስት ጣት አሳየኝ፤ "ሦስተኛው" ማለቱ ነው።
ከዚያ ጣቱን አዞረ።
ወደ ቀኝ? ወደ ግራ?
ምልክቱ የቱ ነው፣ መንቀጥቀጡስ የቱ ነው?
እሱም እጁን አየው፣ እንደ ሰው ዕቃ፣ እንደማያውቀው።

ወደ ግራ፣ ሩብ ዙር። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።
አራቱም ታረቁ፤ ከማርሚታው አንድ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፣
ወፍራም፣ ረጋ ያለ፤
ጣሳ ውስጥ ያሉት ብሎኖች እንኳ መንቀጥቀጥ ተዉ።

ኮዋልቹክ ሳቀ።
"እኔ ወደ ቀኝ ነበር ያልሁህ" አለ፣ ወደ ቤቱ እየራቀ።