የብሩሽ ማጠቢያው ቆርቆሮ

ጀልባዋን እየፋቀ ጋሽ አንማው አዘዘኝ፦
«የሐይቁን መልክ በጥብጥና ሳይመሽ አድርስልኝ።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አልሁ በሆዴ፤
ሰማያዊ ከፈትሁ፣ ነጭ ጠብ አደረግሁ አንዴ፣
ወጣልኝ፦ የትምህርት ቤት በር።
ቢጫ አከልሁበት፣ እንዲለዝብ ነበር፤
እምቦጭ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ጀልባ የሚያስር።
ቀይ ብጨምር፣ ጉበት፤
ጥቁር ብጨምር፣ የከሰል ቤት ወለል የዝናም ለት።

ሦስት ጣሳ አጠፋሁ። ጋሽ አንማው ዝም አለ፤
ዋጋውን በጣቱ ቆጠረ፤ ጣቱ ጎደለ።
ከዚያ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ ወደ ዳር፤
«የባሕር ዳር ልጅ ሆነህ!
ሰማያዊ ያለህ ማነው? እይ፣ አትናገር።»

አየሁ። ክረምቱ ከውሃው ገና አልወጣም፤
ሐይቁ አፈር ነው፣ አመድ ነው፣ ጥቂት ብር፤
ሰማይስ የለበትም።
ደንገል የጫነ ታንኳ አለፈ፤ መቅዘፊያው የነካው ቦታ
ለቅጽበት ሌላ መልክ ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰ በዝምታ።

ስመለስ፣ ከበሩ ጥግ፣ እንዲያው ሳላስብ፣
ብሩሽ የማጥብበት ቆርቆሮ፤
የጠዋቱ ስሕተት ሁሉ እዚያ ሲሰበሰብ፣
ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ጉበቱ ሟሙቶ፣
ጣና ተኝቶ ነበር፣ ጋዝ ጋዝ ሸትቶ።

ጣቴን ነክሬ ጣውላው ላይ አንድ መስመር ሳብሁ፤
አሁን «ስንት በስንት ነው?» ቢለኝ፣
ምን እላለሁ?