የጨው ጣዕም

ላሳልጋዎን ገበያ፣ ሽንኩርቱ ተራራ፣
ጨረታው ሲጣራ፣ ትራክተር ሲያጓራ፣
ሱሎቻና አለች ከሴቶቹ ጋራ፣
ደኅናውን ከብላሹ ለይታ ስታጣራ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ልጣጩን ስትገፍ
አንዲት ዘለላ እንባ ከዓይኗ ሳይረግፍ።
ስሟ ባገሯ ቋንቋ «ዓይነ ውብ» ማለት ነው፣
ዓይኗን ሳትገልጥ ገና አባቷ ያለው።

ወንድሟ ታናጂ ከመኪናው አናት
ጆንያውን ሲጎትት በመንጠቆው ስለት
ጨርቁ ተተረተረ፤ ብረቱ ፈትለክ አለ፣
ወደ ኋላ ዞረ።
እሷ ከኋላው ነበረች፣ ቀና ብላ፣
«ውሃ ጠጣ» ልትለው፣ ጣሳውን አንጠልጥላ።

ብሌኗ አልተነካም።
የተቀደደችው ያቺ ጥግ ነች፣
ከአፍንጫ አጥንት ሥር ተሸሽጋ ያለች፣
ሽፋሽፍት የማይበቅልባት፣
የሩዝ ፍሬ የማታህል፣ ማንም ቁብ የማይሰጣት።
ደሙ ታጥቦ ሲደርቅ እንባዋ ጀመረ፤
ሳይከፋት፣ ሳይደላት፣
ባንድ ዓይኗ ብቻ፣ ጉንጯን ይዞ ወረደ።
«ሽንኩርቱ ነው ዛሬ!» አለች አንዷ፣ ልታስቅ።
ማንም አልሳቀ።

ናሺክ፣ ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ፣
ዶክተር ምሩናል በጨረታው ደረሰኝ ጀርባ
በእስክሪብቶ ሣለችለት የእንባን መውረጃ፦
«ሁለት በር አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤
በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ገብቶ
በአፍንጫ በኩል ነው፣ ወደ ጉሮሮ ተጉዞ።
የምናየው እንባ የተረፈው ነው።
የታችኛው ቦይ ተቆርጧል፤
ጫፉ ሥጋው ውስጥ ጠፍቷል።
እሱን ነው የምንፈልገው።»
ታናጂ ደረሰኙን አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።
የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው ይባላል፤
መንገዱን በሥዕል አይቶት ግን አያውቅም።

ማይክሮስኮፑ ሥር አንድ ሰዓት አለፈ።
ቀይ በቀይ ላይ። ቀይ ውስጥ ቀይ።
ቁስሉን በውሃ ሞሉት፤
በደኅናው በር አየር ነፉ፣ በቀስታ፣
ጠበቁ...
አንዲት አረፋ ብቅ አለች።
«እዚህ!» አለች ምሩናል፣ ትንፋሿን እንደያዘች፤
ነጭ ቀለበት፣ እንደ ሕፃን አፍ የተከፈተች።

ከዚያ የሲሊኮን ክር፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የምታሳልፍ፣
በአንዱ በር ገባች፣ በሌላው ገባች፣
ሁለቱ ጫፎቿ አፍንጫ ውስጥ ተገናኙ፤
ዙሪያውን በማይታይ ስፌት ሥጋ ከሥጋ ታረቀ።
ክሯ አትፈውስም፤
ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ
እንደሚሄድ ሰው ናት፤
ባለቤቱ እስኪመለስ ቦታውን ታስከብራለች።

አራት ወር። ዓይንን ማሸት ክልክል።
ሌሊት እጇን በሻሽ አስራ ተኛች፤
ቀን ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች፣
ጥጓ ላይ አንዲት ቅንጣት ቀለበት እያብለጨለጨች።
ታናጂ መንጠቆ መያዝ ተወ።
በባዶ እጁ ተሸከመ፤ መዳፉ ተላጠ፤
«ለምን?» ሲሉት «ዝጓል» አለ።
ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም አልጠበቀችም፤
ጠዋት ጠዋት ግን
ጣሳውን ሞልቶ አጠገቧ ያኖራል።

ክሯ በወጣች ቀን
ምሩናል በታችኛው በር የጨው ውሃ ጨመረች፣
ጥቂት፣ በጥቂቱ።
ጉንጯ ደረቅ። ሁሉም ዝም።
የጣራው ማራገቢያ ብቻ ይዞራል።
«ምን ይሰማሻል?»
ሱሎቻና ዋጥ አደረገች፤
ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ።
«ጨው» አለች።

በሩ ላይ የቆመው ታናጂ
እሱም ምራቁን ዋጠ።
ያንን ጣዕም ያውቀዋል፤
አራት ወር ሙሉ ሲቀምሰው ነበር።