ዘጠኝ ፊደል

በጋ ነው ይባላል፤ ፑዌርቶ ሞንት ግን ይዘንባል፤
የላብራቶሪው ቆርቆሮ ጠብታውን ፊደል በፊደል ያነብባል።
ከፊቴ ሁለት ሳህን፣ ክዳናቸው ላብ ያዘለ፣
በሁለቱም አረንጓዴ ነጥብ፣ ምስር አክሎ የበቀለ።

አንዱ ከባሕር ነው፤ ከሬሎንካቪ ዳር፣
ኤዱቪኺስ በቦቲ ጫማ፣ ማዕበሉ ሲሸሽ ከአለት ሥር
ፈልቅቃ ካመጣችው ዛጎል። ሠላሳ ዓመት ለቅማለች፤
«ዘንድሮ ውሃው ለብ ይላል፣ እንደ ሕፃን መታጠቢያ» አለች።
ስቃ ነበር ስትናገር። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ሌላው ከሰው ነው፤ ከአልጋ አራት፣
ከጠላቂው ዶን አንሴልሞ፣ ሦስት ቀን ሆዱ አልቆም ካለበት።
«ምን በላህ?» ሲሉት ተቆጣ፤ «ከባሕር ሌላ ምን ልብላ?
በሎሚ አሽቼ፣ ጥሬውን፤ አባቴም እንዲያ ነው የበላ።»
የባሕር ልጅ ውሃ ጠማው። በክንዱ፣ በቀጭን ቱቦ
ጨውና ውሃ ይገባል፣ ጠብ ጠብ፣ ተሰፍሮ፣ ተገድቦ።
መድኃኒቱም ያው ባሕር ነው፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ።

ሌሊቱን ማሽኑ አነበበ፤ ሁለቱን ዘር አስተያየ፤
ከአምስት ሚሊዮን ፊደል ዘጠኙ ብቻ ተለየ።
ዘጠኝ!
ቁም ጸሐፊ ሲያንጎላጅ ከአንድ ገጽ የሚስተው ያህል፤
ሌላው ልክ በልክ ነው፣ ነጥቡም ሳይጎድል።
የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ይቺ እናት
ሁለቴ አምጣ አንድ መልክ ሰጠች፣ አንዱን ለጨው፣ አንዱን ለአንጀት።

እውነቱን ልናገር፤ የሆስፒታሉ አውሬ እንዲሆን ነበር ምኞቴ፣
ቀንድ ያለው፣ ጥፍር ያለው፣ የማይመስል ጎረቤቴ።
መርዙን የምትሠራውን ያቺን ቁራጭ ፈለግኳት፤
ከሽማግሌው ዘር አገኘኋት፤
ከዛጎሉም አገኘኋት፣
በጓዳ ጥግ እንደ ቢላ፣ ማንንም ሳትቆርጥ ያለች።
እዚያ በሽታ አይደለችም።
ትኖራለች።

ሲነጋ ለዶን አንሴልሞ ነገርኩት፤ ትራሱን ደግፎ ቀና አለ፤
«ዘጠኝ? ከወንድሜም ጋር በዚህ አንቀራረብ» ብሎ ሳቀና ሳለ።

ቅጹ ላይ አንድ ባዶ አለ፦ «ምንጭ»። በእኔ ቃል ዳርቻው ይዘጋል፤
የኤዱቪኺስ ባልዲ እስከ ሚያዝያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።
ጻፍኩት። ሳህኖቹን አሸግኩ፤ ቀንና ቁጥር ጨመርኩ።
ጓንቴን አወለቅኩ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።
ውሃው በቧንቧው ተጠማዞ፣ እያጉረመረመ ወረደ፤
አልጠየቅኩትም፤ አውቃለሁ ወዴት እንደ ሄደ።