ክሩ በዚህ ያልፋል

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ጉም ከጦሳ ወርዶ
እንደ ቆየ አስታማሚ መግቢያውን ለምዶ
ሳያንኳኳ ገብቷል ቀዶ ሕክምና ክፍል፤
እኛም ሦስት ተማሪ፣ ጋወን ለብሰን ስንከተል፣
ዘቢደር የቀለም እርሳስ ካርቶን አቅፋ
(አሥራ ስድስት ነበር፤ አረንጓዴው ጠፋ)፣
አንዋር የላቦራቶሪ ማዘዣ ወረቀት
ጊዜው ያለፈበት፣
ጀርባው ግን ንጹሕ፣ ገና ያልተጻፈበት።
እኔ አላመንኩበትም፤ እውነቱን ልናገር፣
ፈተና ደርሶብኝ ስለ ጉበት ነበር
ሳስብ የዋልኩት፤ ሥዕል ለቁስል ምኑ ነው? ምን ይሉት ነገር?

አልጋ ቁጥር ዘጠኝ። ጦይባ አሊጋዝ።
ዕድሜ አርባ ስድስት። ሥራ፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኮምቦልቻ።
ጉዳት፦ ቀኝ እጅ፣ ሦስት ጣት ብቻ።
ይቺ "ብቻ" የኔ ናት፣ የቤት መምቻ፤
ካርዱ አላላትም።
አጥንቱን አውቃለሁ፣ ጅማቱን፣ የነርቩን መንገድ፤
ጣቶቹ ምን ይሠሩ እንደነበር ግን
አልጠየቅኳትም አንድም ቀን።

"እትዬ" አልኳት፣ "እስኪ ቤትዎን ይሳሉ።"
"አጀብ!" አለች ዞራ፣ "ጦይባ ሕፃን ሆነች አሉ?"
ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ።
ያ ሐሙስ እንዲሁ አለፈ፣ በባዶ ሜዳ።

በሚቀጥለው መጣሁ፤ ወንበር ስቤ
ምንም ሳልጠይቃት፣ ማሽኗን በሐሳቤ፣
አይቼው የማላውቀውን፣ ሣልኩት እንደ ልቤ፦
አራት እግር፣ አንድ ጥቅልል፣ ሆዱ ዱባ የሚያህል።
ሰረቅ አርጋ አየችው። ቆየች። ከዚያ ስትል፦
"ይኼ የተነፋ አህያ!
ብትነዳው እንኳ ማንም አይገዛህ ሰኞ ገበያ።"
አልጋ አሥራ አንድ ሳቀች፣ ስፌቷን ደግፋ፤
ጦይባ ግን አልሳቀችም፤ ብርድ ልብሷን ገፍፋ
በግራ እጇ እርሳሱን ነጠቀችኝ።
የሚንቀጠቀጥ መስመር፣ እንደ ሐረጎ ጥምዝ፣
ወረቀቱን አቋረጠ፤ "ጥግ ጥጉን ያዝ!
እግር ብሎ ነገር የለውም።
ይኼ ድሩ ነው። ማጉ ከወዲያ ይመጣል፤
እንዳንተ አይደለም፤ ክሩ በዚህ ያልፋል።"
ትጮኽ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የማሽን ጩኸት
ጆሮዋን ወስዶት
ዛሬም በፀጥታ ክፍል ፋብሪካ ውስጥ ያለች ይመስላታል።

ሲስተር ፈቲያ ፋሻ ልትቀይር መጣች።
ሌላ ቀን ቢሆን ጩኸቱ ፋርማሲ ድረስ ይሰማል፤
ያን ቀን ጦይባ ዓይኗን ጨፍና ድር ቆጠረች።
ሦስት መቶ ላይ ስትደርስ ፋሻው አለቀ።
አመማት? አመማት። አልዋሽም።

ሥዕል ጣት አያበቅልም።
ሌሊት፣ የደሴ ብርድ ሲበረታ፣ የሌለው ጣቷ ያሳክካታል፤
ይህ ነገር ስም አለው፤ ፈተና ላይ ጽፌው
ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።
ያየሁት ግን በሦስተኛው ሐሙስ ነው።
ቀኝ እጇን ሣለችው፦ ሁለቱን ጣት በጥቁር እርሳስ፣
ሦስቱን በነጠብጣብ፣ ልብስ ሰፊ በጠመኔ እንደሚያሰምረው ልብስ
ገና ሳይቀደድ።
"እነዚህ" አለች ቀስ ብላ፣ "አሉ።
ማታ ማታ ይመጣሉ፤
የተበጠሰ ክር ይቀጥላሉ፣
የልጄን ፀጉር ይጎነጉናሉ።"
እኔ ዝም። ዘቢደርና አንዋርም ምንም አላሉ።

ዙር ላይ አስተማሪያችን፦ "ምን ተደረገላት?"
"ፀረ ባክቴሪያ፣ ማስታገሻ፣ በቀን አንዴ ቁስል ማጠብ…" አልኩና አቆምኩ፤
ለቀረው ካርዱ ላይ መስመር የለበት።

ማክሰኞ ወጣች። በሚኒባስ ሐረጎን ወርዳ
ጉሙን ኋላዋ ትታ ወደ ሞቃቱ ሜዳ።
እጇን ይዛ ሄደች፣ የተሣለውን ማለቴ ነው፣
በአራት አጥፋ፣ መቀነቷ ውስጥ ከትታው።
ለኔ አህያዬን ተወችልኝ።
ዶርም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤
ጉበቱን ሳጠና ደክሞኝ ቀና ስል
አንድ ቀስት አያለሁ፣ በግራ እጅ የተሰመረ፣
ከሥሩም አንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው የሚመስል
ግራ ቀኝ የተንጋደደ ፊደል፦
ክሩ በዚህ ያልፋል።